ሁለተኛው ጥያቄ፦ የሚኒስትሮች መልስ ከዌስትሚኒስተር እስከ አራት ኪሎ

ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ፓርላማ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በሚውሉ የጉባኤ ቀናት አንድ ሰዓት ያህል ለጥያቄ ተለይታ ትያዛለች። የጤና፣ የንግድ፣ የኢነርጂና የሌሎችም መሥሪያ ቤቶች ሚኒስትሮች ተራ በየአምስት ሳምንቱ ገደማ ይደርሳል። የመጀመሪያው ጥያቄ ከቀናት በፊት በጽሑፍ ይገባል፤ ማን እንደሚጠይቅ በዕጣ ይለያል፤ ሚኒስትሩም ባለሙያዎቹ ያሰናዱለትን መልስ ያነብባል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥነ ሥርዓት ነው። ቁም ነገሩ የሚጀምረው ጠያቂው እንደራሴ ዳግመኛ ሲነሣ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ አስቀድሞ አይመዘገብም። ከርእሱ እስካልወጣ ድረስ ጠያቂው የፈለገውን ሊያነሣ ይችላል፤ ሚኒስትሩም ጉዳዩን ማወቅ አለማወቁ በዚያች ቅጽበት ይታያል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የዌስትሚኒስተርን ጥያቄ የሚያውቁት ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የተቃዋሚው መሪ በሚፋጠጡበት ግማሽ ሰዓት ነው። ጩኸቱና ሽሙጡ በቴሌቪዥን ያምራል። የአገር ቤቱ ምክር ቤት ሲተችም «እንደ እንግሊዝ በሆነ» የሚለው ምኞት የሚነሣው ከዚሁ ትዕይንት ነው። ይሁን እንጂ ትዕይንቱ ከአሠራሩ ሁሉ እጅግ አነስተኛ ጥቅም ያለው ክፍል ነው። የመጠየቅ መብት በሕግ መጻፉም ሆነ በቴሌቪዥን መታየቱ ብቻውን ሥልጣንን አይገራም። ሥልጣንን የሚገራው ከመልሱ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ተከታይ ጥያቄ፣ ተመዝግቦ የሚቀመጥ ቃል፣ ከሚኒስትሩ እጅ ውጭ የተገኘ አኃዝ፣ እንዲሁም መልሱ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ የሚከፈል ዋጋ። እነዚህ በጎደሉበት ጊዜ ለንደንም ራሷ ዜጎቿን አላዳነችም። ለአራት ኪሎ የሚጠቅመው ትምህርትም ከስኬቷ ይልቅ ከውድቀቷ ይገኛል።

የሦስት መቶ ዓመት ልማድ

በብሪታንያ ፓርላማ ተመዝግቦ የሚገኘው የመጀመሪያው ጥያቄ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1721 በላይኛው ምክር ቤት ነው። ሎርድ ካውፐር የጠየቁት ስለ ሳውዝ ሲ ኩባንያ ነበር። የአክሲዮኑ ዋጋ ያለ ልክ ከተሰቀለ በኋላ ሲወድቅ ብዙዎችን ያደኸየው የዚህ ኩባንያ ገንዘብ ያዥ ከአገር ሸሽቶ ነበርና፣ ብራስልስ ላይ መያዙ እውነት ነው ወይ የሚል ጥያቄ ለመንግሥት ቀረበ። ጅምሩ ከዚህ አይበልጥም። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄ ቋሚ ሰዓት የተመደበው እጅግ ዘግይቶ በ1961 ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሩብ ሰዓት የነበረውን ወደ አንድ የረቡዕ ግማሽ ሰዓት ያዞሩት ደግሞ በ1997 ሥልጣን የያዙት ቶኒ ብሌር ናቸው።

ካሜራ የማይዘው ሥራ በሰፊው የሚከናወነው በጽሑፍ ጥያቄ ነው። እንደራሴዎች በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጽሑፍ ጥያቄዎችን ለሚኒስትሮች ያቀርባሉ። እያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። በልማድ በሰባት ቀን ውስጥ መመለስ ይጠበቅበታል፤ ጠያቂው ቀን ቆርጦ የሚያቀርበው ዓይነትም አለ። መልሱ ከሚኒስትሩ ስም ጋር ለሕዝብ ይታተማል። መሥሪያ ቤቶች በጊዜ መመለስ አለመመለሳቸውን የሚከታተል የምክር ቤት ኮሚቴም አለ። መልስ ለማዘጋጀት የሚወጣው ወጪ ከ850 ፓውንድ የሚበልጥ ከሆነ ሚኒስትሩ ወጪው ከጥቅሙ እንደማይመጣጠን ገልጾ ላይመልስ ይችላል፤ ይህም ቢሆን በጽሑፍ ይሰፍራል። ስለዚህ አለመመለስም ራሱ መዝገብ ላይ ይቀራል። ጠያቂውም በሚቀጥለው ሳምንት የቀደመውን መልስ በቁጥሩ ጠቅሶ ወደ ፊት ይገፋል።

ይህ ሁሉ እያለ ግን በጤና፣ በንግድና በኢነርጂ መስክ የደረሱ ሦስት ጉዳዮች መልስ እንዴት ሕዝብን ሊያሳስት እንደሚችል ያሳያሉ።

ጤና፦ እውነት ሆኖ የሚያሳስት መልስ

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ደማቸው በቀላሉ የማይረጋ የሄሞፊሊያ ሕሙማንን ያክም የነበረው ከብዙ ሺህ ለጋሾች ደም ተቀላቅሎ በተዘጋጀ መድኃኒት ነበር። ከፊሉ የመጣው ደም በገንዘብ ይገዛ ከነበረባት ከአሜሪካ ሲሆን፣ ከሻጮቹ መካከል እስረኞችም ነበሩበት። በዚህ መድኃኒትና በተበከለ ደም ምክንያት ከ30,000 በላይ ሰዎች በኤች አይ ቪ ወይም በሄፓታይተስ ተይዘዋል፤ 3,000 ያህል ሰዎችም ሞተዋል።

አደጋው መታየት ሲጀምር ጥያቄ አልጠፋም። በ1983 በጊዜው የጤና ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩት ኬኔዝ ክላርክ፣ ኤድስ በደም ውጤቶች እንደሚተላለፍ የሚያረጋግጥ የማያሻማ ማስረጃ የለም የሚል መልስ ለፓርላማ ሰጥተዋል። ቃል በቃል ሲመዘን ይህ ሐሰት አልነበረም፤ ሳይንሱ የመጨረሻ ቃሉን ገና አልተናገረም ነበርና። ነገር ግን ባለሙያዎች አደጋው ከፍተኛ መሆኑን ሲጠረጥሩና እርስ በርስ ሲጻጻፉ ቆይተዋል። ሕመምተኛው ማወቅ የሚሻው «ተረጋግጧል ወይ?» የሚለውን ሳይሆን «ልፍራ ወይ?» የሚለውን ነበር። ለዚህኛው መልስ አልተሰጠም።

ጉዳዩን ለዓመታት የመረመረው የሰር ብራያን ላንግስታፍ አጣሪ ኮሚሽን በግንቦት 2024 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ይህን አነጋገር ነቅፎታል። ሕሙማን በጊዜው የተገኘውን ምርጥ ሕክምና አግኝተዋል የሚለው ሌላው የመንግሥት ቃልም እንዴት ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው እየተላለፈ ማንም ሳይመረምረው እውነት መስሎ እንደኖረ ሪፖርቱ በዝርዝር አሳይቷል። ለሚኒስትር መልስ የሚያዘጋጅ ባለሙያ የቀደመውን መልስ ይገለብጣል፤ የሚቀጥለውም የእሱን ይገለብጣል። በዚህ መካከል ሰነዶች ጠፍተዋል፤ ሆን ተብሎ የተወገዱም እንደነበሩ ኮሚሽኑ ደምድሟል። ምርመራው እንዲካሄድ መንግሥት የተስማማው በሐምሌ 2017 ሲሆን፣ ዳያና ጆንሰን የተባሉት እንደራሴ ለዓመታት ከተጎጂዎች ጋር ቆመው ጉዳዩ በምክር ቤቱ በአስቸኳይ እንዲታይ ባደረጉበት ዕለት ነው።

ንግድ፦ የተውሶ መልስ

ሁለተኛው ጉዳይ በመንግሥት ባለቤትነት ሥር ያለው የፖስታ ቤት ድርጅት ነው፤ ዛሬ በኃላፊነት የሚጠየቅለት የቢዝነስና ንግድ ሚኒስቴር ነው። ከ1999 ጀምሮ በየመንደሩ ቅርንጫፍ የተዘረጋው ሆራይዘን የተባለ የኮምፒውተር ሒሳብ ሥርዓት የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር። እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆት፣ በማጭበርበር ወይም በሒሳብ ማዛባት ተፈርዶባቸዋል። የታሰሩ፣ ቤታቸውን የሸጡና ራሳቸውን ያጠፉ አሉ።

እንደራሴዎች በዚህም ላይ ለዓመታት ጠይቀዋል፤ ጄምስ አርቡትኖትና ኬቫን ጆንስ በተለይ ይጠቀሳሉ። ሚኒስትሮቹ የሚሰጡት መልስ ግን የራሳቸው አልነበረም። የተከሰሰውን ድርጅት ይጠይቃሉ፤ ድርጅቱ «ሥርዓቱ አስተማማኝ ነው» ይላል፤ ሚኒስትሩም ያንኑ ለፓርላማ ይደግማል። ድርጅቱ ራሱን የቻለ ነው፣ መንግሥት በዕለታዊ ሥራው ጣልቃ አይገባም የሚለው መርህም መሸሸጊያ ሆነ። በ2015 መጀመሪያ የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ወደ ምክር ቤቱ ኮሚቴ ከመቅረባቸው በፊት ለበታቾቻቸው የጻፉት መልእክት ኋላ ላይ ይፋ ወጥቷል። የቅርንጫፎችን ሒሳብ ከርቀት መነካካት ይቻል እንደሆነ እውነተኛውን መልስ ይጠይቃሉ፤ በዚያው መልእክት ግን «አይቻልም» ብለው መመለስ እንደሚያስፈልጋቸው ይገልጻሉ። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ተወስኖ ነበር ማለት ነው።

ሐሰቱን ያፈረሰው በ555 ከሳሾች የቀረበው ክስና በታኅሣሥ 2019 የተሰጠው የከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። እንዲያም ሆኖ ፍርዶቹን በጅምላ የሻረው ሕግ የወጣው በግንቦት 2024 ሲሆን፣ መንግሥትን ያቻኮለው በዚያው ዓመት ጥር በአይቲቪ የታየ ተከታታይ ድራማ ነበር። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወሱ አይቀርም። የወሎን ረኃብ ለዓለም የገለጠው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የታየው በጥቅምት 1973 በዚሁ በአይቲቪ መስመር ነው። በሁለቱም አገር፣ በሁለቱም ዘመን፣ ፓርላማ ሊያወጣው ይገባ የነበረውን እውነት ቴሌቪዥን አወጣው።

ኢነርጂ፦ ደንብን እንደ መልስ

ሦስተኛው ጉዳይ የቅርብ ጊዜ ነው። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የጋዝ ዋጋ ሲንር፣ የአንድ መደበኛ ቤተሰብ ዓመታዊ የኢነርጂ ወጪ ጣሪያ በጥር 2023 በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጀም ስሌት 4,279 ፓውንድ ደርሶ ነበር፤ መንግሥት ድጎማ ጨምሮ ለተጠቃሚው ወደ 2,500 አውርዶታል። በዚያ ክረምት ዕዳ ያለባቸው ቤተሰቦች በፍርድ ቤት ትእዛዝ በራቸው እየተከፈተ የካርድ ቆጣሪ ይተከልባቸው ነበር። ካርዱ ሲያልቅ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ አቅመ ደካሞችና ሕሙማንም ከተጎጂዎቹ መካከል ነበሩ።

እንደራሴዎች ስለዚህ ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ በአመዛኙ የተቆጣጣሪውን ደንብ የሚጠቅስ ነበር፦ ቆጣሪ በግድ መትከል የሚፈቀደው እንደ መጨረሻ አማራጭ ብቻ ነው፣ ለተጋላጭ ሰዎችም ጥበቃ አለ። ደንቡ በእርግጥ እንደዚያ ይላል። ጥያቄው ግን ደንቡ ይፈጸማል ወይ የሚል ነበር። በየካቲት 2023 መጀመሪያ የታይምስ ጋዜጣ ዘጋቢ ማንነቱን ሰውሮ ከተካዮቹ ጋር ሠርቶ ያየውን ሲያወጣ፣ በደንቡና በተግባሩ መካከል ያለው ርቀት ታወቀ። ተቆጣጣሪውም በቀናት ውስጥ ኩባንያዎቹ ሥራውን እንዲያቆሙ ጠየቀ። ለወራት ለፓርላማ ሲሰጥ የነበረው መልስ በአንድ የጋዜጣ ዘገባ ፈረሰ።

ሦስቱ ጉዳዮች ሦስት የማምለጫ መንገዶችን ያሳያሉ። አንዱ እውነት የሆነ ነገር ግን ዋናውን የሚደብቅ መልስ ነው። ሁለተኛው ከተጠያቂው ድርጅት የተዋሰ መልስ ነው። ሦስተኛው ስለ ተግባር ሲጠየቅ ስለ ደንብ የሚናገር መልስ ነው። ማናቸውም በአንድ ጥያቄ አይያዙም። የሚያዙት ጠያቂው «ከማን ሰማህ? መቼ አወቅህ? ስንት ጊዜ ተፈጸመ?» ብሎ ሲከታተል ነው።

ውርርድ የሌለበት መልስ

በአገራችን የቀደመ የሙግት ባህል «ተጠየቅ» የተባለ ሰው ዝም ብሎ አይመልስም ነበር። በበላ ልበልሃ ክርክር ተሟጋቾች ቃላቸውን በውርርድ ያጸናሉ፤ ሐሰቱ የተገለጠበት ያስያዘውን ያጣል። ቃል ዋጋ የሚኖረው የሚያስከፍለው ነገር ሲኖር ነው የሚለው አስተሳሰብ ለኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለም።

የዌስትሚኒስተር አሠራር ጥንካሬ የተረፈው በዚህ በኩል ነው። ምክር ቤቱ በመጋቢት 1997 ባሳለፈው ውሳኔ ሚኒስትሮች ትክክለኛና እውነተኛ መረጃ እንዲሰጡ፣ ባለማወቅ የተሳሳቱትንም በመጀመሪያው አጋጣሚ እንዲያርሙ ግዴታ አስገብቷል፤ እያወቀ ያሳሳተ ሚኒስትር መልቀቂያ እንዲያቀርብ ይጠበቃል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የጦር ሚኒስትሩ ጆን ፕሮፉሞ በ1963 ከሥልጣን የወረዱት ከአንዲት ወጣት ጋር ስለነበራቸው ግንኙነት ለምክር ቤቱ ሐሰት በመናገራቸው ነበር። በሚያዝያ 2018 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ አምበር ራድ ሕገ ወጥ ስደተኞችን ስለ ማስወጣት ኮታ መኖር ለኮሚቴ የሰጡት መልስ ከመሥሪያ ቤታቸው ሰነድ ጋር ሳይገጥም በመቅረቱ ለቀቁ፤ ሆን ብለው አሳስተዋል የሚል ክስ እንኳ አልነበረም። በሰኔ 2023 ደግሞ የምክር ቤቱ የመብት ኮሚቴ ቦሪስ ጆንሰን በኮቪድ እገዳ ጊዜ በጽሕፈት ቤታቸው ስለተካሄዱት ድግሶች ሆን ብለው ምክር ቤቱን አሳስተዋል ሲል ደመደመ፤ ሪፖርቱም በ354 ድምፅ በ7 ተቃውሞ ጸደቀ። በኮሚቴው ውስጥ አብላጫ መቀመጫ የነበራቸው የጆንሰን የራሳቸው ፓርቲ አባላት እንደነበሩ ልብ ይሏል።

እርግጥ ይህ ዋጋ እኩል አይከፈልም። ስለ ድግስ የዋሸ ሰው ሥልጣኑን ሲያጣ፣ ስለ ደም በጥንቃቄ የተቀመረ ግማሽ እውነት የተናገሩት ማንኛቸውም በዚያ ምክንያት አልወረዱም። ውርርዱ የሚይዘው ግልጽ ሐሰትን ነው። ግማሽ እውነትን የሚይዘው መዝገብና ትዕግሥት ብቻ ነው።

አራት ኪሎ

በኢትዮጵያ ሕግ የመጠየቅ ሥልጣን ጉድለት የለበትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ እንዲጠራ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ንኡስ አንቀጽ 18 ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ እንዲወያይና አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስችለዋል። በወረቀት ሲታይ ይህ ከዌስትሚኒስተር ልማድ የበለጠ ግልጽ ነው፤ የብሪታንያው አብዛኛው ያልተጻፈ ነውና።

ልዩነቱ በአሠራሩ ነው። ሚኒስትሮች በዓመቱ የተወሰኑ ወቅቶች የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ይዘው ይቀርባሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲቀርቡ የአባላት ጥያቄዎች አንድ በአንድ ተነብበው ያበቃሉ፤ ከዚያ መልሱ በአንድነት፣ ብዙ ጊዜም ለሰዓታት ይሰጣል። በዚህ አቀራረብ ተናጋሪው የሚያሻውን ጥያቄ አስፍቶ፣ የማያሻውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፎ ሊሄድ ይችላል። ጠያቂው ዳግመኛ የሚነሣበት ቦታ የለም። ሁለተኛው ጥያቄ በሥርዓቱ ውስጥ አልተፈጠረም።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በሦስቱ መስኮች ማየት ይቻላል። በጤና ረገድ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አኃዝ ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ በኢትዮጵያ 7.3 ሚሊዮን የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል፤ በ2023 ሙሉ ዓመት የነበረው 4.1 ሚሊዮን ሕሙማንና 527 ሞት ነው። የተሠራጨውን አጎበርና የተረጨውን ቤት ብዛት የሚዘረዝር ሪፖርት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ወባ ለምን በእጥፍ ሊጠጋ ጨመረ ለሚለው ግን መልስ አይሆንም። ተከታዩ ጥያቄ መሆን ያለበት በግጭት ውስጥ ባሉ አካባቢዎች ስንት ጤና ጣቢያዎች ሥራ አቁመዋል፣ መድኃኒቱስ ከመጋዘን ወጥቶ የት ደረሰ የሚል ነው።

በንግድ ረገድ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ላኪው የተሻለ ብር እንደሚያገኝ መናገር ትክክል ነው። ደመወዝተኛው ዘይትና መድኃኒት በስንት እንደሚገዛ፣ የነዳጅና የማዳበሪያ ድጎማው እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ግን በየወሩ ሊጠየቅና በአኃዝ ሊመለስ የሚገባው ነው። በኢነርጂ ረገድ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የማመንጨት አቅም ግን በአንድ ቤት ውስጥ መብራት መኖሩን አይናገርም። ኃይል የሚያመነጨውና ለደንበኛ የሚያከፋፍለው ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ስለሆኑ፣ አንዱ ስለ ሜጋ ዋት ሲመልስ ሌላው ስለ ትራንስፎርመር እጥረት ሳይጠየቅ ሊያልፍ ይችላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል የተወሰነውን ታሪፍ የሚከፍለው ደንበኛ ግን አንድ ሰው ነው።

አራት ኪሎ ሁለተኛውን ጥያቄ ሞክሮ አያውቅም ማለትም ትክክል አይሆንም። የዋና ኦዲተር ግኝትን ይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን በይፋ ስብሰባ የሚጠይቀው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ለዚህ ምስክር ነው። በእጁ ከሚኒስትሩ ያልመጣ አኃዝ ስላለ፣ ኃላፊው «በሒደት ላይ ነን» ሲል ገጽና ቁጥር ጠቅሶ ይመልስለታል። የብሪታንያ ፓርላማም በ1861 ያቋቋመው ተመሳሳይ ኮሚቴ አለው፤ በልማድ የሚመራው በተቃዋሚ ፓርቲ አባል ነው። በኢትዮጵያም ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ኮሚቴውን እንዲመሩ የተሾሙት የአብን አባል የሆኑት አቶ ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ታሰሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን አነሣ። የቀረበባቸው ክስ ዳኝነት የፍርድ ቤት ነው። ለጥያቄው ሥርዓት የሚኖረው ትርጉም ግን ከክሱ ይለያል፦ አስፈጻሚውን የሚጠይቅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከዚያ ወንበር ወደ እስር ሲሄድ ከእሱ ቀጥለው የሚጠይቁ ሁሉ ያዩታል።

«ቁጥሩ ሳይለወጥ ሥርዓቱ ምን ይሆናል?»

ለዚህ ክርክር የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ ግልጽ ነው። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ወስደዋል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና 410 አግኝቷል። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ የጥያቄ አቀራረብን ማሻሻል የተበላሸ ሞተር ያለውን መኪና ቀለም መቀባት ነው ይባላል። ሰላም በጠፋበት አገር ስለ መለያ ቁጥርና ስለ ቀነ ገደብ ማውራትም ቅንጦት ይመስላል።

ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ በለንደንም ቢሆን ሚኒስትሮችን የሚያስጨንቁት ተቃዋሚዎች ብቻ አይደሉም። አርቡትኖት ስለ ፖስታ ቤቱ ሲሟገቱ ከ2010 በኋላ ሥልጣን ላይ የነበረው መንግሥት የራሳቸው ፓርቲ የሚመራው ነበር። እንደራሴን ጠያቂ የሚያደርገው ወንበሩ የተገኘበት ወረዳና ስሙ የሚሰፍርበት መዝገብ ነው። የብልጽግና አባልም መብራት የጠፋበት ወረዳ አለው። ዛሬም ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ ጸጥታ ጠንከር ያለ ጥያቄ የሚያነሡ የገዢው ፓርቲ አባላት አሉ፤ የሚጎድላቸው የመጀመሪያው መልስ ሳያረካቸው ሲቀር የሚሄዱበት መንገድ ነው።

ሁለተኛ፣ መዝገብ ከአብላጫ ድምፅ ረዥም ዕድሜ አለው። በ1983 የተሰጠውን መልስ አጣሪ ኮሚሽኑ በ2024 ሊመዝነው የቻለው ቀን፣ ስምና ቃል ስለነበረው ነው። በመልሱ ጊዜ የነበረው መንግሥት ትልቅ አብላጫ ነበረው፤ ያ አብላጫ ከመዝገቡ አላዳነውም። በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረኃብ መደበቅ ያጣራው በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የሚመራው መርማሪ ኮሚሽንም ዋናው መሣሪያው ማን መቼ ለማን ጻፈ የሚለው ነበር። ኢትዮጵያ ወደፊት በምትገባበት የሽግግር ፍትሕ ሒደትም ሆነ በሌላ መንገድ የዛሬዎቹ ባለሥልጣናት ምን እንዳወቁና ምን እንዳሉ መጠየቁ አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ መልሱ ከተበታተነ የቪዲዮ ቅጂ ይልቅ ከተደራጀ መዝገብ ቢገኝ ይሻላል።

ምን ሊደረግ ይችላል?

የሚያስፈልገው ማሻሻያ ሕገ መንግሥት መለወጥን አይጠይቅም፤ በምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ የሚፈጸም ነው። የመጀመሪያው ማንኛውም አባል ለማንኛውም ሚኒስትር የጽሑፍ ጥያቄ እንዲያቀርብ፣ ጥያቄው ቁጥር እንዲሰጠው፣ መልሱም በተወሰነ ቀን ውስጥ በሚኒስትሩ ስም በምክር ቤቱ ድረ ገጽ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ቀኑ ካለፈ «አልተመለሰም» የሚል ቃል ብቻውን ይታተም። ሁለተኛው በቃል ጥያቄ ጊዜ ጥያቄና መልስ አንድ በአንድ እንዲሄዱ፣ ጠያቂውም አንድ ተከታይ ጥያቄ የማንሣት መብት እንዲኖረው ነው። ሦስተኛው አኃዝ ያለበት መልስ ሁሉ የአኃዙን ምንጭና ጊዜ እንዲጠቅስ፣ ሚኒስትሩም ስሕተቱን ሲያውቅ በራሱ አንደበት እንዲያርም ነው። አራተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ በምክር ቤቱ ውስጥ በተነገረ ቃል ማንም እንዳይጠየቅ የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 በተግባር እንዲጠበቅ ነው። አራተኛው ከሌለ የቀሩት ሦስቱ ባዶ ቅጽ ይሆናሉ።

በለንደንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ደግሞ በእጃቸው ያለውን መሣሪያ ገና በሙሉ አልተጠቀሙበትም። የወረዳቸው እንደራሴ ዜግነት ሳይለይ የነዋሪውን ጥያቄ ይቀበላል። ብሪታንያ ለታዳጊ አገሮች ያወጣችውን የንግድ ማበረታቻ ሥርዓት በሰኔ 2023 ሥራ ላይ ያዋለችው ሚኒስትሯን ወደ ኢትዮጵያ ልካ ነበር። ሥርዓቱ ለኢትዮጵያ ከቀረጥ ነፃ በር ከፍቷል። በዚያ በር ምን ያህል ዕቃ ገባ? ስንት ላኪዎች ተጠቀሙ? አሜሪካ ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ካስወጣች በኋላ ሥራ ላጡ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ይህ ምን አመጣላቸው? ለሰልፍ የሚወጣ ሺህ ሰው የማያገኘውን መልስ አንድ በጥንቃቄ የተጻፈ የጽሑፍ ጥያቄ በሳምንት ውስጥ ሊያስገኝ ይችላል። የእርዳታ ቅነሳው በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ላይ ስላደረሰው፣ በብሪታንያ ገንዘብ ስለሚደገፉ ፕሮጀክቶችም እንዲሁ መጠየቅ ይቻላል።

ጥያቄውን የሚያዘጋጁ ሰዎችም ከሦስቱ የለንደን ውድቀቶች የተማሩትን ይዘው ቢነሡ ይጠቅማል። «መንግሥት ምን እያደረገ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የእንቅስቃሴ ዝርዝር ይመለስለታል። «በዚህ ዓመት በዚህ ቦታ ስንት፣ በማን ቆጠራ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ወይ አኃዝ ያገኛል፣ ወይ አኃዝ እንደሌለ በጽሑፍ ይነገረዋል። ሁለቱም ለሚቀጥለው ጥያቄ ይጠቅማሉ።